እንጀራ በልብስ ፌስታል

የመጀመሪያዎቹን አርባ እንጀራዎች ለደንበኛ ያደረስኩት በልብስ ፌስታል ነው። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የሱቄ ስም የታተመበት ፌስታል። ጥር 2017 ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ደሴ ገና ጉሟ አልተገፈፈም። የጦሳ ተራራ ከነጭራሹ አይታይም። እኔ ግን ሰው ያየኛል ብዬ አቀርቅሬ ነበር የምሄደው። ሰላም ያለኝን ሁሉ «አዲስ ዕቃ ገብቶ ነው» እያልኩ አለፍኩ።

እንጀራ ከምጣድ እንደወጣ አይጠቀለልም። መጀመሪያ ተዘርግቶ መብረድ አለበት፤ ከዚያ ነው የሚደራረበው። ይህን እናቴም ባለቤቴም ነግረውኛል። ነገር ግን ሰፌድ ይታያል። ሰፌድ ተሸክሞ በፒያሳ የሚያልፍ ሰው ምን እንደያዘ ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ በትኩሱ አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ምግብ ቤቱ ስደርስ እንጀራው አልቦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት የላይኛውን ለማንሳት ሞከሩ። ተቀደደ። ቀጣዩን ሞከሩ። እሱም ተቀደደ።

«ልጄ፣ እንጀራው ጥሩ ነበር። ማነው እንዲህ አድርጎ የጠቀለለው?» አሉኝ።

«ልጆቹ ናቸው» አልኩ።

ልጆች የሚባሉ አልነበሩም። እኔና ባለቤቴ ብቻ ነበርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ የጋገረችው እሷ ናት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አርባውን እንጀራ ይዤ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ፌስታሉን አየች። ምንም አላለችም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህን የምጽፈው ንግዱን መቀየር እንዳለበት እያወቀ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው። ያን ቀን የከሰርኩት ሙያ ስላነሰኝ አይደለም፤ ገንዘብ ስላነሰኝም አይደለም። ይሉኝታ ነው ያከሰረኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ አሥራ ስድስት ወር ሙሉ አክስሮኛል።

የልብስ ሱቄን የከፈትኩት በ2006 ነው። መርካቶ ወርጄ ጂንስ፣ ሸሚዝ፣ የሴት ቀሚስ፣ ለበዓል የልጆች ልብስ አመጣለሁ። ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ሰፈሩ «ባለቡቲኩ» ይለኛል። ሠርግ ላይ የምቀመጥበት ቦታ እንኳ ከስሙ ጋር የመጣ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ህዳር መጨረሻ ላይ ስመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ማንጠልጠያው ሳይቀር ተወስዷል። ይህን ብዙ አላወራውም፤ ያልተዘረፈ ጎረቤት አልነበረኝምና። በዱቤና በዕቁብ እንደገና ቆምኩ። ያኔ ማንም አልሳቀብኝም። ሁላችንም አንድ ላይ ነበር የወደቅነው። ብቻህን ስትወድቅ ነው የሚከብደው።

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሱቁ ኪራዩን መሸፈን አቃተው። ወጣቱ ወይ ሰልባጅ ይገዛል፣ ወይ በቴሌግራም አይቶ ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ልብስ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። የሸጥኩበት ብር ያንኑ ልብስ መልሶ አይገዛም። በወሩ መጨረሻ ደብተሬን እገልጣለሁ፤ ኪራይ፣ መብራት፣ የሠራተኛዬ ደመወዝ፣ የዕቁብ ዕጣ። እደምራለሁ። እዘጋዋለሁ። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ የአሻንጉሊቶቹን ልብስ እቀይራለሁ።

መውጫው ደግሞ ቤቴ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ለሁለት ጎረቤቶች እንጀራ ትጋግር ነበር። ጠያቂው በዛ። አንድ ምጣድ አለን፤ በየቀኑ ግን ሦስት አራት ሰው «ለእኛስ?» ይላል። እኔም በየምግብ ቤቱ ምሳ እየበላሁ «እንጀራ ከየት ነው የምታመጡት?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ተመሳሳይ ነበር። የሚያመጣው ሰው አንድ ቀን ያመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። በልኩ አይመጣም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ ነው። ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሒሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ከኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት ሦስት አራት እንጀራ ይወጣል። መብራቱን፣ ጤፉን፣ ጉልበቱን ደመርኩ። ትርፉ ቀጭን ነው፤ ግን የዕለት ነው። ልብስ ለፋሲካና ለዒድ ይጠብቃል። እንጀራ ነገን አይጠብቅም።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ ሳለ አልጀመርኩም። ወንድ ነኝ። ባለቡቲክ ነኝ። ሊጥ የነካ እጅ ይዤ እንዴት በአራዳ አልፋለሁ?

ይሉኝታን እዚህ ላይ ላብጠለጥለው አልፈልግም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤት ሲታመም እግርህን የሚያነሳው ይሉኝታ ነው። በቅሬ (እድር እንደሚባለው ነው) ቀን ሥራህን ጥለህ ድንኳን የምትተክለው፣ የእስላሙ ቤት ክርስቲያኑ የክርስቲያኑም ቤት እስላሙ የማይቀረው በእሱ ጭምር ነው። ከዚህ የወጣን ዕለት ሰው አንሆንም። ችግሩ ይሉኝታ ከለቅሶ ቤት ተነስቶ የሒሳብ ደብተርህ ላይ ሲቀመጥ ነው። እዚያ ቦታ የለውም። ስለ ኪራይና ስለ ጤፍ ዋጋ ምንም አያውቅም።

አርባው እንጀራ የተበላሸ ቀን ማታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉ አልፎ ቶናው ላይ ደረስኩ። ያለወትሮዬ ዝም ስል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ረጅም ነገር ነው ያወራሁት፤ ሰው እንዲህ ይላል፣ ሰው እንዲያ ይላል። በረካው እስኪቀዳ ድረስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ሰው ሰው ትላለህ። ማነው ስሙ?» አለች።

«ምን?»

«ያ ሰው የምትለው። ስም የለውም? ጥራዋ።»

አፌ ተያዘ። ቤቴ ገብቼ የዱቤ ደብተሬን የመጨረሻ ገጽ ገለጥኩ። «ሰው» የምለውን በስም መጻፍ ጀመርኩ። ደሴን የሚያህል ከተማ ሙሉ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ስም መጻፍ ስጀምር ግን ሰባት ላይ ቆመ። አማቴ። ከሱቄ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ነጋዴዎች። አዲስ አበባ ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። የባለቤቴ ወንድም። የዕቁባችን ዳኛ። አብሮኝ ሱቅ የከፈተና አሁን የተሻለ ደረጃ ላይ የደረሰ አንድ ሰው። ስምንተኛውን ብዙ አሰብኩ። አጣሁት።

ይህን አንተም ሞክረው። በሐሳብህ ሳይሆን በእስክሪብቶ። ስም የሌለው «ሰው» ማለቂያ የለውም። ስም ሲኖረው ቁጥር ይኖረዋል፤ ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ሄደህ ልታነጋግረው ትችላለህ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት በሰፈራችን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የነበረው ሰው ሱቁን ዘግቶ ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ነበር። እኔስ ስለ እሱ ምን ያህል አወራሁ? አንድ ከሰዓት። «አየኸው?» አልኩ፣ «አይ ጊዜ» አልኩ፣ ሻዬን ጠጣሁ፣ አለቀ። በሳምንቱ በእሱው ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። እሱ ግን እኔን ፈርቶ ስንት ሌሊት ሳይተኛ አድሮ ይሆን? በማግስቱ ሳገኘው ጠየቅሁት። «ስድስት ወር» አለኝ።

ከሰባቱ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ዕቁብ ዳኛው ነው። ምክንያት ነበረኝ። ዕጣ ወጥቶልኝ ብሩን በልቼዋለሁ፤ ገና የምከፍለው አለ። ሱቄን እንደምዘጋ ከሌላ ሰው ቢሰማ «ሊጠፋ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ መብት ነው። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ምን እንደሚያስገባ፣ ከእንጀራው ምን እንደምጠብቅ አሳየሁት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «በየሳምንቱ ትጥላለህ?» «እጥላለሁ» አልኩ። «በቃ» አለኝና ስለ ልጆቹ ማውራት ጀመረ። ለዚህች «በቃ» ነው ለወራት የተጨነቅኩት።

ከዚያ ቅሬያችን በተሰበሰበበት እሑድ፣ ሒሳብ ካለቀ በኋላ እጄን አውጥቼ ራሴ ተናገርኩ። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ወሬ ባለቤቱ ሲያወራው ጣዕም ያጣል። «ሱቁን እየዘጋሁ ነው። እኔና ባለቤቴ እንጀራ እየጋገርን ለምግብ ቤቶች ልናቀርብ ነው። ለቅሶም ሠርግም ሲኖር እዘዙን» አልኩ። ልቤ ይመታ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የሳቀውን አልዞርኩም።

አንድ ጎረቤታችን ቄስ አፋቸውን ጠረግ አድርገው «እኛ ዘንድ የቁርባኑን ኅብስት በቤተልሔም የሚያዘጋጁት ዲያቆናት ናቸው፤ ወንዶች» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «አብሽር ልጄ፣ አላህ በረካውን ያግባበት» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ የሳቀው ሰውዬ ራሱ «ታዲያ አንዱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው የንግድ ጥያቄ የመጣው ከሳቀብኝ አፍ ነው።

ቄሱ የተናገሩት ነገር ብዙ አሳሰበኝ። ዳቦ ቤት ገብቶ ዳቦ የሚጋግር ወንድ በየሰፈሩ አለ። ጋጋሪ ይባላል እንጂ ማንም አያፍርበትም። ምጣድ ላይ ሲሆን ነው ነውሩ። የጤፉና የስንዴው ልዩነት አይደለም ነውሩን ያመጣው። እኛ አገር በእጅ የሚሠራን ሰው ማሳነስ የቆየ በሽታ ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ስንት ስም ወጣላቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ግን የልብስ ፌስታል ይዤ ስሸሽ ነበር።

ሁሉም እንዲህ በመልካም አለፈ ብል እዋሻለሁ። አማቴ «ልጄን ለነጋዴ ነው የዳርኳት» አሉኝ፣ ፊት ለፊት፣ ባለቤቴ እየሰማች። አልተከራከርኩም። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የእሷም አባት ናቸው። «እውነትዎን ነው አባባ፣ ነጋዴ ነኝ» አልኩና እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ አለቀሰች። ዛሬም ድረስ ምጣዶቹ ያሉበትን ክፍል አይተው አያውቁም። ለዒድ እንሄዳለን፣ ያከብሩናል፣ ስለ ሥራ አናወራም። ምናልባት እስከ መጨረሻው እንዲሁ ይሆናል። ይህንንም ችዬ መኖር እንደምችል ያወቅሁት ከጀመርኩ በኋላ ነው። የምትፈራው ነገር አንዳንዱ እውነት ይሆናል። እውነት ሲሆንም ጠዋት ይነጋል፤ ሊጡም ኩፍ ብሎ ይጠብቅሃል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሱቄ ውስጥ አራት ዓመት አብራኝ የሠራችው ልጅ ሱቁ እንደሚዘጋ የሰማችው ከጎረቤት ሱቅ ነው። እኔ ስለ ሰባቱ ስጨነቅ እሷን ረስቻት ነበር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረችም። እንጀራዋ የነበረው ግን እኔ ጋ ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። የሚያዩኝን ሰዎች ፈርቼ ሊነገራት የሚገባትን ሰው በደልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የሁለት ወር ደመወዝ ከፈልኩ፣ ሌላ ሱቅ እንድትገባም ሰው አነጋገርኩ። ንግድህን ልትቀይር ከሆነ ከማንም በፊት ደመወዝ ለምትከፍለው ሰው ተናገር።

ሱቁን በአንድ ቀን አልዘጋሁትም። ሁለት ወር ያህል የቀረውን ልብስ በገዛሁበት ዋጋ እየሸጥኩ ጎን ለጎን ጋገርን። ከሽያጩ ብር ሁለት ምጣድ ጨመርኩ። መስመሩን ሳያስፈትሹ ሦስት የመብራት ምጣድ አንድ ላይ መሰካት አደጋ ስለሆነ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከፍዬ ሽቦውን አስቀየርኩ። የንግድ ፈቃድ ለመለወጥ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ የቆየ ዕዳ ካለህ ቀድመህ ጨርስ። ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ የሱቁን ለዓመቱ ከማደስህ በፊት ብትወስን ይሻላል። እኔ አፍሬ ስዘገይ ለማልሠራበት ፈቃድ ከፍያለሁ።

የሰውን አፍ መፍራት ስተው ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ማንንም አልሰማም አልኩ። እኒያ አርባውን የመለሱብኝ ባለ ምግብ ቤት፣ አሁን በሰፌድ የማመጣላቸው፣ «እንጀራህ ኮምጠጥ ይላል» አሉኝ። ተናደድኩ። ምቀኝነት መሰለኝ። ባለቤቴ ናት «ቅመሰዋ» ያለችኝ። እውነታቸውን ነበር። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል። እኛ አልቦካ እያለን አንድ ቀን ጨምረን እናሳድር ነበር፤ ሙቀት ያገኘ ቀን ደግሞ ከልኩ ያልፋል። ኮምቦልቻ ያሉ ጋጋሪዎች ከእኛ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆኑ ቶሎ ይቦካላቸዋል። እኛ ቡሆ ዕቃውን ምጣዶቹ ካሉበት ግድግዳ አጠገብ አስጠግተን፣ ቀኑን በጭፍን ሳንቆጥር ሊጡን እያየን አብሲት መጣል ጀመርን። ተስተካከለ። ስለ አንተ የሚወራውን እለፈው፤ ስለ እንጀራህ የሚባለውን ግን ቁጭ ብለህ ስማ። ሁለቱ ከአንድ አፍ ሊወጡ ይችላሉ።

የካቲት ላይ ሁለቱ ጾሞች ተከታትለው ገቡ። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ነበር የጀመሩት። ልክ ሥራው ሲለምድ ገበያው ይሞታል ብዬ ፈራሁ። የምሳው ትእዛዝ በግማሽ ቀነሰ። በያይነቱ የሚሸጡት ግን ጨመሩ። ማታ ደግሞ ለአፍጥር የሚወስዱ ቤተሰቦች መጡ። ከሌሊት ጋገራ ወደ ከሰዓት ጋገራ ዞርን። በዚያ ወር ነው ፍርሃቱ የለቀቀኝ። በሥራ ተጠምጄ ስለነበር መቼ እንደለቀቀኝ እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን ሰፌድ ተሸክሜ፣ ክንዴ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ በድሮ ሱቄ ፊት ለፊት ካለፍኩ በኋላ ነው ማለፌን ያስተዋልኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መጣ። መምህር ነው። ከሰዓት በኋላ በሚተርፈው ጊዜ የከሰል ምድጃ እየሠራ መሸጥ ይፈልጋል፤ ብየዳ ከአጎቱ ተምሯል። «ተማሪዎቼ ቢያዩኝስ?» አለኝ። ደብተር ሰጠሁት፤ ስም እንዲጽፍ። አራት ጻፈ። ሊወጣ ሲል በምን እንደመጣ ጠየቅሁት። በወንድሙ ባጃጅ ነው፤ የሠራትን አንድ ምድጃ ሊያሳየኝ ጭኖ መጥቷል። ባጃጇን ግን ያቆማት ከቤቴ ሁለት መንገድ ርቆ፣ ምድጃዋንም በብርድ ልብስ ሸፍኖ ነው።

«ነገ ተመለስ» አልኩት። «ባጃጇን ቤቴ በር ላይ አቁማት። ብርድ ልብሱን ቤት ተወው።»